ሣጥን ውስጥ የቀረው ጉልቨን

ጉልቨን የተመለሰው ከቀበርነው በኋላ ነው። ሐሙስ ዕለት በፖስታ ጀልባ፣ በዱቄት ከረጢቶች መሃል ተቀምጦ መጣ። የወደቡን ደረጃ ሲወጣ መረብ ይጠግኑ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩት፤ አንዳቸውም «እንኳን ደህና መጣህ» አላሉትም። አንደኛው ብቻ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለሬሳ እንደሚወለቀው።

እኔ ታንጊ እባላለሁ። የጉልቨን ሚስት ካቴል ታናሽ እህቴ ናት፤ የባሏን ሞት ያረዳኋትም እኔ ነኝ። በእኛ በኡዌሳን ደሴት ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ካልተገኘ፣ ከዘመዶቹ በዕድሜ የሚበልጠው አመሻሽ ላይ ሄዶ በሩን ያንኳኳና «ዛሬ ቤትሽ ፕሮኤላ አለ» ይላል፤ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ማለት ነው። ሌላ ነገር አይጨምርም፤ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጣት የምታክል የሰም መስቀል ትጋደምበታለች። ሬሳው እሷ ናት። ይለቀስላታል፣ ይጸለይላታል፣ ጠዋት በሰልፍ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እዚያ መስኮቱ ሥር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከቀደሟት ጋር ትቀመጣለች። ጳጳሱ ደሴቲቱን ሊባርኩ ሲመጡ ሁሉም ወጥተው መቃብር ይገባሉ። ጳጳሱ ግን ጀልባ ሲሳፈሩ ስለሚያስመልሳቸው እምብዛም አይመጡም፤ ስለዚህ ሙታኖቻችን ብዙ ዓመት ተራ ይጠብቃሉ።

ጉልቨን ገና በመንገድ ላይ ሳለ አገኘኝ።

«አንኳኳህ እንዴ፣ አማች?» አለኝ።

«አንኳኳሁ እንጂ።»

«እንዴት ነበር?»

«ሰው ሁሉ አመስግኖኛል። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

«ለቅሶውስ?»

«ከሚገባህ በላይ።»

ካቴል ደጃፏ ላይ ድንች ስትልጥ ነበር። አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ድንች ግንባሩ ላይ ወረወረችው። «ዓመት ሙሉ ጥቁር አስለብሰኸኝ!» ብላ ጮኸች። ድንቹ ነጥሮ ሲወድቅ ነው መንፈስ አለመሆኑን ያመነችውና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ያለቀሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሳፈረባት መርከብ ስሟ «ጥንቁቋ» ነበር፤ ስም የሚያወጡት ባለመርከቦች ናቸውና፣ እነሱ ደግሞ አብረው አይሳፈሩም። ጥንቁቋ በአየርላንድ ደቡብ ድንጋይ ላይ ወጥታ ለሁለት ተሰነጠቀች። ጉልቨንን ከአንድ የተሰበረ ምሰሶ ላይ የለቀሙት የኖርዌይ መርከበኞች ናቸው። እነሱ ግን ወደ ቺሊ እየሄዱ ነበር፤ ለአንድ የእኛ አገር ሰው ብለው መርከብ የሚያዞሩ አልሆኑም። እናም የዓለምን ጫፍ ዞሮ፣ ሰው አገር ሠርቶ፣ ሌላ መርከብ ለምኖ እስኪመለስ ድረስ እኛ ሰሙን ሳጥን ውስጥ ከተን ለቅሷችንን ጨርሰናል።

ጣጣው የመጣው ከሳምንት በኋላ፣ ጉልቨን መርከብ ፍለጋ ሲወጣ ነው። የመጀመሪያው ካፒቴን ሰው ሞልቶብኛል አለው። ሁለተኛው ሚስቴን ላማክር አለ፤ ሚስቱን በምንም ነገር አማክሮ የማያውቅ ሰው ነው። እውነቱን የነገረው ሦስተኛው ነው፤ ያውም መጠጥ ቤት አስገብቶ፣ ቀድቶለት።

«ጉልቨን ወንድሜ፣ እወድሃለሁ። ግን አንተን ባሕሩ ተረክቦሃል። ሰምህ ከሙታን ጋር ተኝቷል። ነገ የራሱን ሊወስድ ሲመጣ እኔና ልጆቼ መሃል ቤት ምን እንሁን?»

«እኔ'ኮ እዚህ ቆሜ እያናገርኩህ ነው።»

«አየሁህ። ጠጣ እስቲ።»

በእኛ ደሴት ወንድ ከባሕር ሌላ ሥራ የለውም። መሬት የሴት ነው፤ የሚቆፍሩትም፣ የሚዘሩትም፣ የሚያጭዱትም እነሱ ናቸው። ወንድ ልጅ ዶማ ይዞ ከታየ ወይ አብዷል ወይ ሚስቱ ሞታበታለች። ጉልቨን ግን ቁጭ ብሎ መብላት አልሆነለትምና የካቴልን ትርፍ ዶማ ይዞ ማሳ ወረደ። ሴቶቹ ከአጥር ማዶ ሆነው ተንጫጩ።

«ካቴል፣ አዲሷ ሠራተኛሽ ጢም አላት!»

«ቀሚስ ግዢላት እንጂ፣ ብርድ ይመታታል!»

ካቴል መለሰችላቸው፤ አፍ አላት። ቤት ስትገባ ግን ዶማውን ወርውራ፣ «ያቺን ሰም ካላስወጣህ እኔ ራሴ ገብቼ እበላታለሁ» አለችው።

አንድ ቀን ላግዘው ብዬ አብሬው ወረድኩ፤ እኔም ተሰደብኩ። እረፍት ስናደርግ ማዶ ያለውን የእማማ ባርባን ግቢ በአገጩ አሳየኝ። ገመድ ላይ የወንድ ሸሚዞች ይውለበለባሉ። የልጃቸው የጄዜኬል ናቸው። ጄዜኬልም የተሳፈረው በጥንቁቋ ነበር፤ ሰሙም ሳጥን ውስጥ ከጉልቨን ጎን ነው።

«ከመጣሁ ወዲህ በየሳምንቱ እያጠቡ ያሰጣሉ» አለኝ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጉልቨን ከጀልባ ከወረደ ወዲህ ሐዘን የጨረሱ ቤቶች ሁሉ ተናግተው ነበር። አንዷ ለባሏ ሳህን ማቅረብ ጀመረች። ሌላዋ፣ ሊያገባት ለተስማማ ሰው፣ «እስቲ ትንሽ እንቆይ» አለችው። አንድ ሰው ከተመለሰ ሌላው ለምን አይመለስም?

«አንድ ምሰሶ ላይ ነበርን፣ እኔና ጄዜኬል» አለኝ ጉልቨን ድንገት። «ስናወራ አመሸን። ሲነጋ እሱ በብርድ ሞቶ ደርቋል። እንዳይሄድብኝ በሻርፔ አሰርኩት። ማዕበሉ ከነሻርፔ ወሰደው።»

«ታዲያ ለእናቱ ምነው አልተናገርክ?»

«በመጣሁ ዕለት አዲስ የሱፍ ካልሲ ይዘው መጡ። ‹ያኛው አልቆበት ይሆናል፣ እግሩ አይቀዘቅዘው ይሆን?› አሉኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

«እኔ የማውቀው አንኳኩቶ መናገር ነው።»

«እኔ ደግሞ አላንኳኳም» አለና ዶማውን አነሳ።

ሰሙ ይውጣልን ብለን አባ ለጎፍ ዘንድ ሄድን። አባ ለጎፍ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከጳጳሱ ፈቃድ በታች ነው። ሳጥኑን መክፈት የጳጳሱ ሥልጣን እንደሆነ፣ ከሙታን መካከል ሰው ማውጣትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ነገር እንደሆነና ያደረጉትም እሳቸው እንዳልሆኑ አስረዱን። ካቴል ግን ጠዋት ጠዋት ደጃቸው እየቆመች፣ «አባ፣ ሞቷል ካሉኝ ባል ይፈልጉልኝ፤ አለ ካሉኝ ያውጡልኝ» እያለች አላላውስ አለቻቸው። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እከፍታለሁ አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ለፋሲካ እንኳ እንደዚያን እሑድ ሞልቶ አያውቅም። የቀሩት ካፒቴኖቹ ብቻ ናቸው እንዳልል፣ እነሱም መጥተው ከኋላ ቆመዋል። እኔ ሻማ ይዤ ከአባ ለጎፍ ጎን ነበርኩ። ቁልፉ ዝጎ አስቸገረ። ክዳኑ ሲነሳ አባ ለጎፍ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያም በላቲን የማይገኝ ነገር አሉ።

ያለፈው በጋ ሞቃት ነበር፤ ሳጥኑ ያለው ደግሞ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነው። መስቀሎቹ ቀልጠው፣ ተጣብቀው፣ አንድ ጉብታ ሆነዋል። እዚህ ክንድ፣ እዚያ ጫፍ ብቅ ብሏል። የማን የማን እንደሆነ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚለየው።

«ከጫፉ ቆረስ አድርገው ይስጡት!» አለ ከኋላ አንዱ ካፒቴን። «ይበቃል! እኔ እወስደዋለሁ።»

«የኔን ባል ቢቆርሱትስ?» አለች አንዷ።

«እንዲያውም የኔን ያውጡ፣ የወጣ ይመጣል መሰለኝ!» አለች ሌላዋ።

«ያንቺማ ከወጣ ዕዳውን ይዞ ነው የሚመጣው!»

«ዝም በሉ! የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ የዓሣ ገበያ አይደለም!» አሉ አባ ለጎፍ።

እማማ ባርባ በዝግታ ወደ ፊት መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሳጥኑ አፍ ላይ እጃቸውን ዘረጉና ጉልቨንን አዩት።

«ስማ ልጄ። አንዴ ጠይቄሃለሁ፤ አሁን በእግዚአብሔር ፊት ደግሜ ልጠይቅህ። ልጄ ሞቶ ከሆነ ቢላ አይጎዳውም፤ እኔው ራሴ ቆርሼ እሰጥሃለሁ፤ ጄዜኬል አይነፍግህም ነበር። በሕይወት ካለ ግን ይህን ነገር ስትቆርጡ እጁን ትቆርጡብኛላችሁ። ሲሞት አይተኸዋል?»

ካቴል የጉልቨንን ክርን ይዛ ነበር። ካፒቴኑ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ይጠብቃል። ከጉልቨን የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏም እውነት ናት፤ ሰኞ ጠዋት መርከብ ላይ ይሆናል። እኔን አየኝ። እኔ ሻማውን አየሁ።

እማማ ባርባ በክንዳቸው ያንጠለጠሉት ከረጢት አፉ ክፍት ነበር። ካልሲዎቹ ይታያሉ።

«አላየሁም፣ እማማ» አለ ጉልቨን። «ጨለማ ነበር።»

ካቴል ክርኑን ለቀቀችው። አባ ለጎፍ ክዳኑን መለሱ፤ ለመክፈት ያስቸገረው ቁልፍ ሲዘጋ ሳያስቸግር ዞረ።

ከዚያ በኋላ ጉልቨንን መርከብ የጠየቀለትም የሰጠውም የለም። ሴቶቹም መሳደቡ ሰልችቷቸው ተዉት፤ ይህ ነው የባሰው። ሐሙስ ሐሙስ ከማሳው ወጥቶ፣ እማማ ባርባ የፖስታ ጀልባዋን ሊጠብቁ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይይዛል። ጀልባዋ ዱቄት ታራግፋለች። ይመለሳሉ።

በሙታን መታሰቢያ ቀን ደግሞ አባ ለጎፍ በባሕር የቀሩትን ስም ይጠራሉ። የጉልቨንም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ከጳጳሱ በቀር ማን ይሰርዘዋል? በዚያ ዓመት «ጉልቨን» ሲሉ እሱ ከኋላ ወንበር፣ «አለሁ!» አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ፤ አባ ለጎፍም አፋቸውን በመጽሐፉ ሸፈኑ። ካቴል ሳትቀር ሳቀች፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቀጥሎ የተጠራው «ጄዜኬል» ነው።

እማማ ባርባ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የጆሯቸውን ሻሽ ገለጥ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ጠበቁ። አባ ለጎፍ ወደሚቀጥለው ስም ማለፍ አቅቷቸው ቆሙ። ሳቁ ከየወንበሩ አንድ በአንድ ጠፋ። ጥቂት ቆይተው እማማ ባርባ ሻሹን መለሱት።

በዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንበር ተቀመጥን። አባ ለጎፍ «ጉልቨን» ብለው ጠሩና፣ ሊስቁ ተዘጋጅተው ቀና አሉ። ሁላችንም ዞረን አየነው።

ጉልቨን የእማማ ባርባን ሻሽ አይቶ አንገቱን ደፋ፤ «አለሁ» አላለም። አባ ለጎፍ ትንሽ ጠበቁት፣ ከዚያ ወደ ጄዜኬል አለፉ።