ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

ጩኸቱ እንደገና ሲጀምር ፈሪድ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ሳሙናውን ሳያለቀልቅ ወደ ሳሎን ገባ። ከሶፋው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ በነጭ ዳንቴል ከተሸፈነው ሳጥን ውስጥ ቀጭን ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይጮሃል፤ በዳንቴሉ ቀዳዳዎች በኩል ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል። ላፕቶፑን ከፈተ። የዲስኩ ሙቀት ሃምሳ ዘጠኝ ዲግሪ ደርሷል። አርባ አምስት ሲያይ እንኳ የሚደነግጥ ሰው ነው።

ፈሪድ ሠርግ በቪዲዮ ቀርጾ ያድራል። ከሮቢት እስከ ዋጃ የተዳረው ሕዝብ ግማሹ እዚያ ሳጥን ውስጥ እስክስታውን ይመታል። ሳጥኑን ሰርቨር ይለዋል፤ ውስጡ ሁለት ዲስኮች አሉ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ሁለት ካለኝ ሦስተኛ ምን ያደርግልኛል ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት እሱ ለሥራ ዋጃ ሰንብቶ ሳለ አንደኛው ዲስክ ሞተ። ምትኩ ከደሴ በነገው አውቶቡስ ይመጣል ተብሏል። እስከዚያ የቀረው ይኸ የሚጮኸው ብቻ ነው፤ የግንቦት ሙቀት ደግሞ ቆቦ ላይ ለማንም አይራራም።

ሠርጎቹ ቢጠፉ ይሰደባል፣ ስሙ ይጎድፋል፣ ይለፋል እንጂ ይኖራል። ያስጨነቀችው እህቱ ናት።

ዘኪያ በባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ልትገባ ከቤት ከወጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የመን ደርሻለሁ ብላ ከደወለች ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ሞተች ያለ የለም፤ አየኋት ያለም የለም። ጉርድ ፎቶዋ አለ። ድምፅዋ ግን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፈሪድ ዋጃ ውስጥ አንድ ሠርግ ሲቀርጽ ከእንግዶቹ መሀል ለአፍታ ያገኛት ጊዜ። የቀረጸበት ካሴት ላይ ኋላ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። የቀረው ከካሴቱ የተገለበጠው አንድ ረጅም ፋይል ነው። እናቱ ሀስና ይህን ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን ክፈትልኝ ብላው አታውቅም። ፎቶ እያዩ፣ ድምፅ እየሰሙ ማልቀስ የለቅሶ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ ለቅሶ አልተቀመጠችም። የሀስና ወንድም ሙሀመድሰይድ ከሮቢት እየተመላለሰ «እንደ ሞተች ቆጥረን ሰደቃዋን እናውጣ፣ ዱዓ ይደረግላት» ይላታል። ነገ ከጁምዓ በኋላ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏት ሄዷል።

ፈሪድ ዳንቴሉን ገፎ ሶፋው ላይ ወረወረው። ሳጥኑን ከግድግዳው ጎትቶ ክዳኑን ፈታ። አመድ የመሰለ የሜዳ አዋራ በፊቱ ቦነነ። አዋራውን በቡርሽ ጠረገ፤ ሙቀቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ጆሮውን ቢያስጠጋ የውስጡ ማራገቢያ ድምፅ የለውም። በባትሪ መብራት አየው። ነጭ የዳንቴል ክር አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አንቆታል።

«እማ! ነይ እስኪ።»

ሀስና እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች። ክሩን በወረንጦ ይዞ አሳያት።

«ስንቴ ነግሬሻለሁ? ይኸ ቲቪ አይደለም። ትንፋሽ ይፈልጋል። እኔ ስገፈው አንቺ ስታለብሺው... ይኸው አቃጠልሽው።»

መልሳ አልተቆጣችም። ክሩን ከወረንጦው ላይ ለቀም አድርጋ መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ልጄ ያለችበትን ዕቃ ራቁቱን ልተወው?» አለች። «አዋራ ፊቷ ላይ ሲቦንን እያየሁ?»

ፈሪድ ወረንጦውን አስቀመጠ። የጮኸበት አፉ አስጠላው። እናቱ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለይታ አዲስ ዳንቴል የሠራችው ለዚህ ሳጥን ብቻ እንደነበር አሁን ገባው።

«በይ አብሽሪ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷን ብቻ አውጥተን እናጠፋዋለን።»

ማራገቢያው ክሩ ከወጣለትም በኋላ አልዞር አለ። ፈሪድ የጠረጴዛውን ማራገቢያ አምጥቶ በተከፈተው ሳጥን ፊት ደቀነው። ሀስና ሳትጠየቅ ጆንያ ነክራ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። ከመስኮቱ የሚገባው ወበቅ ትንሽ ለዘብ አለ። ሙቀቱ ወደ ሃምሳ ሁለት ሲወርድ የሠርጉን ፋይል ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ጀመረ። መገልበጡ በራሱ ዲስኩን ያሞቀዋል፤ ቁጥሩ ተመልሶ ሽቅብ ወጣ። ማቆምም ያስፈራል፣ አንዳንድ ዲስክ አንዴ ከተኛ አይነሳም። መቀጠልም ያስፈራል። ፈሪድ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ባጃጆች ውጭ ሲያልፉ እንኳ ንዝረታቸው ዲስኩን የሚነካው እየመሰለው ተናደደባቸው።

ግልባጩ ግማሹን ሲያልፍ መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው እየተንቀራፈፈ ቆመ። ሳጥኑ አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ፈሪድ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ።

«ምኑ ደረሰልን?» አለች ሀስና።

«ግማሹ።»

«እሷ ግማሹ ውስጥ አለች?»

አላወቀም። ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ ስለነበር የተገለበጠውን ከፈተ። እናቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሙሽሮች ገቡ፣ ዘፈን ነጎደ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ካሜራው ወደ እንግዶቹ ዞረ፤ ዘኪያ አለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች። ከጓደኛዋ ጋር ትስቃለች፤ ሳቋ ከዘፈኑ በላይ ይሰማል። ሀስና «ያ ረቢ» አለች፣ ለራሷ ብቻ። ዘኪያ ካሜራውን አየችው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቷን መለሰች፣ ልትናገር አፏን ከፈተች። ምስሉ እዚያው ደርቆ ቀረ።

እናቱ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

ፈሪድ ያለችውን ያስታውሳል። ካሜራውን የያዘው እሱ ነበር። «ወደ ሙሽራዋ ዙር እንጂ፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ?» ነው ያለችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሊነግራት ወደ እናቱ ዞረ። ሀስና የተከፈተውን የልጇን አፍ እያየች ነበር። ያለቅሳሉ ብሎ የጠበቃቸው ዓይኖች ደረቅ ናቸው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሰማ ነው የምትመስለው። ፈሪድ ነገሩን ዋጠው።

መብራት መጣ። ከጎረቤት ሬዲዮ ጮኸ፣ የጠረጴዛው ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ፈሪድ ወደ ሳጥኑ ማብሪያ እጁን ሰደደ።

«ቀሪውን እሞክራለሁ። ገና ትኩስ ነው፣ ወይ ይነሳል ወይ...»

ሀስና እጁን ያዘችው።

«ተወው።»

«እማ፣ ነገ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል እኮ።»

«በጀ፣ አይነሳ።» ዓይኗን ከምስሉ አልነቀለችም። «ይልቅ ለአጎትህ ደውልለት። ሰደቃውን ይተወው።»

«ምን ብዬ?»

«ገና ተናግራ አልጨረሰችም በለው።»

ፈሪድ ስልኩን አወጣ። ሮቢት ላይ ጠራ፤ ጠራ። ከዚያ የሙሀመድሰይድ ድምፅ «ሀሎ፣ ፈሪድ? ምን አለች?» አለው።