ሠርጉ ይለፍ

መንግሥቱ ኤርሳዶ ከእህቱ ጋር ሳይጨቃጨቅ የዋለበት ቀን የለም። በአሮጌ መኪናዋ ይጨቃጨቃል፤ ባለማግባቷ ይጨቃጨቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሑድ እሑድ ቸርች ቀርታ ለሚ ኩራ ላቦራቶሪዋ ውስጥ በመዋሏ ይጨቃጨቃል። ስመኝም አትመለስለትም። የሆሳዕናው ኤርሳዶ ለልጆቻቸው ያወረሱት ዋናው ሀብት ግትርነት ነውና ሁለቱም ድርሻቸውን ሳያጓድሉ ወስደዋል። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መንግሥቱ ሳይደውል መጥቶ፣ በአንድ እጁ ብርቱካን በሌላው ሙዝ አንጠልጥሎ፣ የላቦራቶሪው በር ላይ ፈገግ ብሎ ሲቆም ዶክተር ስመኝ ክው አለች።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! እህቴን ልጠይቃት አይቻልም እንዴ?»

ብርቱካንና ሙዝ ተይዞ የሚጠየቀው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። እሷ ግን ያን ጊዜ አላሰበችውም። ወንበር ሰጠችው፤ እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ደስ አላት። ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት ልጅ ትሆናለች።

«ሴል ላዩ ላይ ዘበኛ አለው በለው» አለችው። «ኤንዛይም ነው። ከውጭ ‹እደግ፣ ተባዛ› የሚል መልእክት ሲመጣ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ መልእክት ካልመጣ ዝም ይላል። እኔ ይኸው ስንት ዓመት የማሳድደው ደግሞ ኸር ቱ ይባላል። አንዳንዴ ሴሉ ላይ ከልክ በላይ ይበዛና ማንም ሳይልከው ‹እደግ! እደግ!› እያለ ይጮኻል። ካንሰር እንዲህም ሆኖ ይጀምራል።»

መንግሥቱ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። ያ ቃል ሲጠራ እጁ ሁሌም ሥራ ይፈልጋል። ሚስቱ ተናኜ ከሞተች ወዲህ «ያ በሽታ» ከማለት በቀር ስሙ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ተናኜ ዓመት ያህል ስትታመም «ጨጓራ ነው» ሲሏት ኖረው፣ ጨጓራ እንደተባለች ሞተች። ስመኝ ያኔ ይነገራት ብላ ቤቱን አናውጣው ነበር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ አስምሎ አፏን አስያዛት። አንዲቱ ልጃቸው እድላዊት ደግሞ ሐዋሳ ትማር ነበርና «ፈተናዋ ይለፍ» ተባለ። ፈተናው አለፈ። እድላዊት ስትመጣ እናቷ ተቀብራ ድንኳኑም ፈርሶ ነበር። እስከ ዛሬም እናቷን የገደላት ጨጓራ እንደሆነ ታምናለች።

ስመኝ የወንድሟን ጭንቀት አይታ ጨዋታውን ወደ ለመዱት ጭቅጭቅ መለሰችው። «ለማንኛውም ከእንግዲህ እሑድ ቸርች ጭራሽ አልመጣም፤ አትጠብቁኝ» አለች ነገር ስትፈልገው።

«እሺ» አለ መንግሥቱ። «ደስ እንዳለሽ እህቴ።»

ደስ እንዳለሽ! ሳይንቲስት ናትና ሙከራውን ደገመችው። «መኪናዬንም አልሸጥም።»

«ጥሩ መኪና ናት።»

«የእድላዊት ሠርግ ላይ ሱሪ ለብሼ ነው የምመጣው።»

መንግሥቱ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ታገለ። «ያምርብሻል» አለ በመጨረሻ።

እሱ እንደወጣ ረዳቷ ሮዳስ ከማቀዝቀዣው ራሷን አውጥታ ተናገረች። «ዶክተር፣ የኸር ቱ አንቲቦዲው ሊያልቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ያሕያ ትንሽ ወስዷል። ለአንዲት ታካሚ አስቸኳይ ነው ብሎኝ ሰጠሁት፤ አልነገረዎትም እንዴ?»

አንቲቦዲው ያን ኤንዛይም ፈልጎ የሚጣበቅ ነው፤ ካገኘው ናሙናው ላይ ቡናማ ቀለም ይወጣል። እንዲህ ያለው የላቦራቶሪ ዕቃ በአዲስ አበባ እንደ ጨው ነው፤ ያለቀበት ከጎረቤት ይበደራል። መበደሩ ስመኝን አልገረማትም። የገረማት ያሕያ እሷን ትቶ ሮዳስን መጠየቁ ነው። ያሕያ ከራሷ ከስመኝ ጡት ናሙና ከወሰደ ሰንብቷል። «ትንሽ እብጠት ናት፤ ለጥንቃቄ ነው» ብሏት ነበር። ውጤቱን በጠየቀችው ቁጥር «ሪኤጀንት አልገባልኝም» ይላታል፤ እሷም ታምነዋለች፤ በዚህ ከተማ ሪኤጀንት የሚባለውን መመርመሪያ ኬሚካል የማይጠብቅ ተመራማሪ የለምና።

ለአንዲት ታካሚ። ብርቱካን። ሙዝ። ደስ እንዳለሽ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ሲሆን ነው። በገዛ አንቲቦዲዋ የገዛ ሥጋዋ ተመርምሮ፣ ከእሷ በቀር የሚመለከተው ሁሉ ሰምቷል።

ፈራች? አዎ፣ ፈራች። ፍርሃቱ ግን ገና ቦታ ሳይዝ ንዴት መጥቶ ገፍትሮ አስወጣው። የመኪናዋን ቁልፍ አንሥታ ሄደች።

ያሕያ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። ወሎ ሰፈር ጋራዦቹን አለፍ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ የግል ላቦራቶሪ ከፍቶ የሕሙማንን ናሙና ይመረምራል። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ስትገባ ሲያያት ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ስላይዱን አምጣ።»

«የቱን?»

«ያሕያ፣ አትቀልድብኝ። የእኔን።»

ያሕያ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ መጥረግ ያዘ። «ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ» አለ። «ምን ላድርግ ስመኝ? ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም፤ ወጋችን ነው። ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ ጊዜ መርጦ ይነግራል። መንግሥቱ አልቅሶ ነው የለመነኝ። ‹የልጄ ሠርግ ይለፍ፤ ከዚያ እኔው እነግራታለሁ› አለኝ።»

«ሠርጉ እኮ ገና ከፋሲካ በኋላ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ኤንዛይሙስ ያውቃል? እስከ ፋሲካ ሊጾምልኝ ነው?»

ያሕያ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን ፊቱ ተበላሸ። «ፈራሁ» አለ። «ሌላ ሰው ቢሆን የሆነ ነገር ብዬ አጽናናለሁ። አንቺን በምን አባቴ አጽናናሻለሁ? ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ስላይዱን፣ ናሙናዋ የተለጠፈበትን ስስ መስታወት፣ አመጣላት። ስመኝ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፈች። የሴሎቹ ዙሪያ ጥርት ባለ ቡናማ ተከቦ የማር እንጀራ መስሏል። ይህን መልክ ስንት ጊዜ አይታዋለች! ለተማሪዎቿ አሳይታዋለች፤ «እንዴት የሚያምር ውጤት ነው» ብላለታለች። አሁንም ያምራል፤ ይኸው ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አበገናት።

«እንኳን ተገናኘን» አለችው ኤንዛይሙን፣ ያሕያ እየሰማ። «እኔ አንተን በሰው ሴል ላይ ሳሳድድ አንተ በእኔ ላይ ቤት ሠርተሃል። መቼስ አታውቀኝም።»

ከዚያ ቀና አለች። «ይሄ መድኃኒት አለው ያሕያ። ዘበኛውን አፉን የሚያስይዝ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከተደረሰ። አንተና ወንድሜ የሰረቃችሁኝ ጊዜዬን ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ይኸው ሕዝብ፤ ተርቶ ሲያበቃ ይደብቃል። ያሕያ ስልኩን አንሥቶ የካንሰር ሐኪም ወዳጁ ጋ ደወለላት፤ በዚያው ሳምንት የቀሩት ምርመራዎች አለቁ፤ ሕክምናው ሰኞ እንዲጀመር ተቆረጠ። ስመኝ ለወንድሟ ትንፍሽ አላለችም። እሱ ቀን ቢመርጥ እሷም ቀን መምረጥ ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ገርጂ፣ መንግሥቱ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የሠርግ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ አብዲሳ ናቸው። ጸሐፊው ራሱ መንግሥቱ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ሲይዝ የኖረ ሰው ብዕር ለሌላ አይሰጥም። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ የተነሣ ነገር ሁሉ ይያዛል፣ የተያዘው መጨረሻ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርማል። «ያልተነበበ ቃለ ጉባኤ ወሬ ነው» ይላል ሁልጊዜ።

ስለ አዳራሹ ተጨቃጨቁ። ስለ ዘማሪዎቹ ተጨቃጨቁ። ስለ ኬኩ ከሁሉም የበለጠ ተጨቃጨቁ፤ ሙሽሪት እድላዊት አክስቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ስትስቅ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ አብዲሳ ሰዓታቸውን አዩ።

«ልዩ ልዩ አለ? ከሌለ በጸሎት እንዝጋ።»

«እኔ ልዩ ልዩ አለኝ» አለች ስመኝ። ተነሥታ ቆመች።

መንግሥቱ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ወዲያው ገባው። «ስምዬ» አለ በዝግታ። «በእግዚአብሔር። ሠርጉ ይለፍ።»

«አላሳልፍም። የጡት ካንሰር አለብኝ። ሰኞ ሕክምና እጀምራለሁ። ፀጉሬ ይረግፋል፤ ሠርጉ ላይ መላጣ ሆኜ ነው የምመጣው። ዊግ አላደርግም፣ ሻሽ አላስርም፣ ፎቶ ሲነሣም ከፊት ነው የምቆመው። ምን ሆነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ ስሙን ጠርቼ እነግረዋለሁ።»

የሙሽሪት ሚዜ ሊሊ እሪ ብላ አለቀሰች። እድላዊት የአክስቷን እጅ ይዛ ቀረች። ጋሽ አብዲሳ ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ በአፍሽ አትቀበዪው! ክፉውን ስም አትጥሪው! ፈዋሽ ጌታ አለን።»

«አሜን፣ አለን። ይጸልዩልኝ ጋሽ አብዲሳ፤ ጸሎት እፈልጋለሁ። ግን ሲጸልዩ ስሙን ይጥሩልኝ። እግዚአብሔር እንደሆነ ያውቀዋል፤ ከማን ነው የምንደብቀው?»

«ላንቺ ብዬ ነው!» መንግሥቱ ድንገት ጮኸ፤ እንባው ወረደ። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው! ተናኜ እንኳ ሳታውቅ አይደል እንዴ በሰላም የሄደችው…» አለና አፉን ያዘ። ዘግይቶ ነበር።

«እማዬ ምኑን ሳታውቅ?» አለች እድላዊት።

መንግሥቱ ብዕሩን ማየት ጀመረ። እድላዊት ወደ አክስቷ ዞረች፤ ስመኝ ዓይኗን አላሸሸችም። ሽማግሌ አስምሏት አፏን ተይዛ የኖረችውን ሁሉ ልጅቱ ከዚያ ዓይን ላይ አገኘችው።

«መንጌ» አለች ስመኝ ወደ ወንድሟ ዞራ። ድምፅዋ አልሻከረም። «ቃለ ጉባኤው ላይ ያዘው።»

«ይሄ ምን አገባው ከሠርግ ቃለ ጉባኤ?»

«ተነሥቷል፤ ይያዛል። የራስህ ሕግ ነው።»

መንግሥቱ ጋሽ አብዲሳን አየ። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። ብዕሩን አነሣ፤ ጻፈ፤ ያ የሚታወቅበት ውብ ጽሑፉ ተወላገደ።

«ይነበብ» አለች ስመኝ።

ቆመ። አዳራሹን አነበበ። ዘማሪዎቹን አነበበ። ኬኩን አነበበ። «ልዩ ልዩ» አለ። «ልዩ ልዩ፦ ዶክተር ስመኝ ኤርሳዶ የጡት…» እዚያ ላይ ቆመ። ማንም አላገዘውም። ስመኝ ከጎኑ ሄዳ ቆመች፤ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፤ ቃሉን ግን አላለችለትም።

«ካንሰር» አለ መንግሥቱ። «ካንሰር እንዳለባቸውና ሰኞ ሕክምና እንደሚጀምሩ ለኮሚቴው አስታውቀዋል።»

ጣሪያው አልወደቀም። ማንም አልሞተም። መንግሥቱ ራሱ ተገርሞ ዙሪያውን አየና፣ ለመፈረም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እድላዊት ግን መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«አትፈርም አባዬ፤ አላለቀም» አለችው። «የእማዬንም ጻፈው።»