የጴጥሮስ ጠርሙሶች

«እማ፣ ግድግዳዬን ምን አደረግሽው?»

ያኔ ጴጥሮስ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቃት ቦሰና እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።

አሁን በዚያችው ክፍል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ጴጥሮስ የተቀበረው ትናንት ነው። የእድሩ ድንኳን ዝናብ ስላስገባ ሴቶቹ ሁሉ ወደዚህ ገብተዋል። በቀን አምፖል በርቷል።

«ክፍሉስ ሰፊ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጨለማ ነው» አለች አንዷ ለቀስተኛ በሹክሹክታ።

«ጨለማ አልነበረም» አለች ጎረቤቷ መሊካ።

ቦሰና አንገቷን ደፋች።

ጴጥሮስ ምናለሽ ተራ በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ በርሜል እየቀጠቀጠ ምድጃ ይሠራ ነበር። ለእናቱ ክፍል ሲቀጥልላት በሩን ከበርሜል፣ ጣሪያውን ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ አበጀው። ለግድግዳው ቆራሌዎች ገዢ ያጡላቸውን፣ አፋቸው የተሸረፈ የቢራ ጠርሙሶች ሰብስቦ በሲሚንቶ ደረደረ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ አረንጓዴና ቡናማ ሆነ።

«ፊደል የምትቆጥሪው እዚህ ነው፤ ዓይንሽ እንዳይደክም» አላት። የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነበር።

ታናሽ እህቷ ሠርኬ ግን ከጎጃም በረንዳ መጥታ ስታየው በሳቅ ፈረሰች። «በሥላሴ! ይሄን ሁሉ ማን ጠጥቶት ነው? መንገደኛ አረቄ ቤት መስሎት እንዳይገባብሽ!»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ቦሰና ደግሞ ለጴጥሮስ ሚስት መርጣ ሽማግሌ ልትልክ ነበር። ወላጆቿ ጠጪ ነው ብለው ልጃቸውን ቢከለክሉኝስ ብላ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን እሱ ሥራ ሲሄድ ጭቃ በጭድ አቡክታ ግድግዳውን ከውጭ ለሰነችው።

ጴጥሮስ አልተቆጣም። እጇን ስትደብቅ አይቶ «እሺ እማ» ብሎ እጇን የምትታጠብበት ውሃ አመጣላት። ልጅቷን ግን አላገባም። ለቤቱም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልሠራም፤ ድንገት ታሞ እስኪያርፍ ድረስ።

«አንድ ቀን ጠጥቶ አያውቅም እኮ ልጄ!» ብላ አሁን ሠርኬ በለቅሶው መሃል ደረቷን መታች።

«ምነው ያኔ ይሄን ባልሽ» አለቻት መሊካ።

በሰልስቱ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን መንቀል ጀመሩ። ቦሰና ባልዲ አንስታ ወደ ጓሮ ዞረች። ዝናቡ የግድግዳውን ጭቃ አላልቶታል። በጣቶቿ ትፍቀው ጀመረች።

ሠርኬ ተከትላት መጣች። «ኧረ ተይ! ሐዘንተኛ ሥራ ትነካለች እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«አብደሻል!»

ቦሰና መፋቋን ቀጠለች። ከጭቃው ሥር አንድ አረንጓዴ ክብ ብቅ አለ። በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ ቀስ አድርጋ ወለወለችው።

የእድሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ጭነው ሄዱ። ሠርኬም ሄደች። መሊካ እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኗ ቀረች።