ሐሞት የማያፈስ አራጅ

ሱሌማን በሃያ ሁለት ዓመት የእርድ ሥራው አንድም ቀን ሐሞት አፍስሶ አያውቅም። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጉበት የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዘዴውን ያስተማረው አባቱ ሙሄ ነው፤ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ አቦቦ ላይ ጎጆ የቀለሰ ገበሬ፣ የመንደሩም አራጅ ነበር። የበጉ ሆድ እንደተከፈተ የሐሞት ከረጢቱንና ከጉበት የሚወርደውን ቱቦ አንድ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ፣ በክር ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ ከቋጠሮው ወዲያ መቁረጥ። "ሐሞት ያፈሰሰ አራጅ ሲባል እንዳልሰማ" ይለው ነበር አባቱ። ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ባለው ቄራ የሚሰበሰቡት ደንበኞች ጉበቱን ብቻ ሳይሆን እጁንም ለማየት ይመጣሉ።

እህቱ ዩስራ የተጎዳችው ግን በዚሁ በሐሞት መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር አለብሽ ተብላ፣ ሩቅ ከተማ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጠጠሩን ከነከረጢቱ ሲያወጡ፣ መነካት ያልነበረበትን ዋናውን ቱቦ አብረው ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ሐሞቷ በቀኝ ጎኗ በገባ ቀጭን ጎማ እየወጣ ወገቧ ላይ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ ይጠራቀማል። ዓይኗ ቢጫ ነው፤ ገላዋ ያለ ዕረፍት ያሳክካታል። ቱቦውን ከአንጀቷ ጋር መልሶ የሚሰፋ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋታል። ከዘገየ ጉበቷ ይደርቃል፤ ያኔ የሌላ ሰው ጉበት እንጂ ሌላ መድኃኒት አያድናትም።

ይህን በግልጽ የነገሩት ዶክተር ዊዩዋል ናቸው። እዚሁ ተወልደው ውጭ አገር የተማሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ ኒም ዛፎች መካከል ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጥናት ይሠራሉ። በታኅሣሥ ወር ቄራ ድረስ መጥተው አንድ ጉበት እጃቸው ላይ እያገላበጡ አስረዱት።

"ከሞተ ሰው የተወሰደ ጉበት በሽተኛው ጋ እስኪደርስ በበረዶ ይቆያል። ሥጋው ብዙ ሰዓት ይችላል። ቀድሞ የሚሞተው ውስጡ ያለው የሐሞት ቱቦ ነው። ቱቦው ከሞተ ጉበቱ ቢተከልም ሰውየው መከራውን ነው የሚያየው።"

"ቱቦውን ምን ይገድለዋል?"

"ውስጡ የቀረው ሐሞት ይመስለኛል። ጉበቱ እንደወጣ ሐሞቱ ፈስሶ ቢያልቅና ውስጡ ቢታጠብ ይተርፋል ባይ ነኝ። በበግ ጉበት ልሞክረው ነው፤ ለዚህ ነው የአንተን እጅ የፈለግሁት።"

ሥራው ከባድ አልነበረም። ማክሰኞና ዓርብ ስድስት ስድስት ጉበት ያዘጋጃል። ሦስቱን እንደ ልማዱ ያስራል። የሦስቱን ቱቦ ግን ክፍት ትቶ ሐሞቱ እስኪያልቅ ያፈሳል፤ ከዚያ ዶክተሩ የሰጡትን ፈሳሽ በሲሪንጅ ወደ ውስጥ እየገፋ ንጹሕ እስኪወጣ ያጥባል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ያስራል። የዓሣ ነጋዴው ዳክ በበረዶ ሳጥኑ ጭኖ በባጃጁ ያደርሳል።

ሊሄዱ ሲሉ ዶክተሩ ዞር አሉና "ጥናቱን የሚደግፉት ሰው ትልቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው" አሉት። "ውጤቱ ካማረ በሰኔ ሊያዩት ይመጣሉ። ስለ እህትህ ጽፌላቸው፣ ከመጣሁ እኔው እሰፋላታለሁ ብለዋል።"

ሱሌማን የዶክተሩን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ሐጂ ረድዋን፣ የሱቅ ባለቤቱ፣ እንደ ወትሮው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አለ። ሱሌማን ቱቦውን ያዘ። ክሩን ሳያነሳ ቢላዋውን አነሳ። እጁ ቆመ።

"ምነው ሱሌማን፣ ዛሬ ክርህን ረሳህ? ደግሞ እንዳታፈሰው!" አሉ ሐጂ። ሰው ሳቀ።

ሱሌማን ክሩን አነሳ። አልገባኝም ሊል አይችልም፤ ገብቶታል። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አረንጓዴውን ውኃ ጉበቱ ላይ ሊለቅ አልቻለም። ሁለት ጊዜ ቋጠረና ቆረጠ። ፈሳሹን ጉበቱ ላይ ከላይ አፈሰሰው፤ ጉበቱ እንደ መስተዋት አበራ። 'ውስጥ የምትቀር ትንሽ ሐሞት ምን ታመጣለች?' አለ በልቡ። ዓርብም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ልማድ ሆነና ማሰቡንም ተወው። ስድስቱም ጉበት በየጊዜው ታስረው ስለሚደርሱ ዶክተሩ የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበረም።

ቤት ሲገባ ዩስራ ማንጎው ሥር ተቀምጣ በቆሎ ስትፈለፍል ያገኛታል።

"አያ፣ የበጎችህ ጉበት በረዶ ላይ ይተኛል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ዶክተር ያየዋል። እኔም በግ ሆኜ በተፈጠርኩ!"

"ዝም በይ አንቺ። ሰኔ እኮ ደረሰ።"

"እኔስ እደርሳለሁ። በጎቹ እንዳያልቁብህ ነው የምፈራው።"

ይስቃሉ። ስትስቅ ግን ጎኗን በእጇ ደገፍ ታደርገዋለች።

በግንቦት አጋማሽ ዶክተር ዊዩዋል ወረቀት ይዘው ቄራ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። በቀጥታ ወደ ዳክ ሄደው የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ።

"የታጠበውም ያልታጠበውም እኩል ሞቷል። ሁሉም! ይህ በረዶ መንገድ ላይ እየቀለጠ ነው።"

"ዶክተር፣ የእኔ በረዶ የዓሣ በረዶ ነው" አለ ዳክ። "ዓሣ ከማታር ድረስ ይመጣል፣ አይሸትም። ጉበት ከዚህ እዚያ ሲሄድ ይሞታል?"

"መንገድ ላይ ሰው ስትጭን አይቼሃለሁ።"

"አንድ ቀን! ነፍሰ ጡር ናት፣ ፀሐይ ላይ ልተዋት?" ወደ ሱሌማን ዞረ። "አንተ ንገራቸው እንጂ! በረዶው ሙሉ አልነበረም?"

ሱሌማን ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ። "ከዚህ ሲወጣ... ሙሉ ነበር" አለ።

ዳክ ትክ ብሎ አየው። ዶክተሩ የሚፈልጉትን ሰምተዋል። ዳክን በዚያው አሰናበቱት። ከዚያ የሱሌማንን ትከሻ ነካ አድርገው፣ "አንተን እንኳ አልጠረጥርም። እጅህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል" አሉት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲደርስ ዩስራ ልብሷን ገልጣ ጎኗን በውኃ ታጥባለች። ጎማው ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

"ምን ነካሽ? እሳት ነው?"

"የራሴ ሐሞት ነው አያ። ጎማው ላላ ብሎ ሁለት ቀን አፈሰሰብኝ። ቆዳዬን እንዲህ ካደረገው እስቲ ውስጤን አስበው።"

ሱሌማን የቆመበት ቁጢጥ አለ። አምስት ወር ሙሉ በየጉበቱ ቋጥሮ የላከው ምን እንደሆነ አሁን በዓይኑ አየው። ሁሉንም ነገራት፤ ክሩን፣ ሐጂ ረድዋንን፣ ዳክን። ዩስራ ጎኗን በጨርቅ አደረቀች።

"ሰው አፍረህ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ ይህን አንግቤ ገበያ እወጣለሁ። ሐሞቴን ያላየ ሰው የለም።" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ተነስ። መጀመሪያ ለዳክ ንገር፣ ቀጥሎ ለዶክተሩ።"

ዳክን ድልድዩ አጠገብ አገኘው። ዳክ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። "'ከዚህ ሲወጣ ሙሉ ነበር' አልክ" አለና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ዶክተር ዊዩዋል ጠረጴዛቸው አጠገብ እንደተቀመጡ ሰሙት።

"ስንቱን?"

"ሁሉንም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ውጤቱን ልኬዋለሁ። መልሱም ዛሬ ደርሷል። ሐሳቡ እንደማይሠራ ታይቷል ይላል። አይመጡም።"

"እውነቱን ይጻፉላቸው! እኔ ነኝ ይበሉ!"

"እጽፋለሁ። መጻፍ ግዴታዬ ነው። ግን ይህን ካነበቡ በኋላ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ወረቀት ማን ያምናል?" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ቀጥለው ሱሌማንን ሳያዩት፣ "ነገ ሦስት ጉበት አምጣ። እንደነገርኩህ አድርገህ። ለማንም አልልከውም፤ እኔ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ዳክንም ይቅርታ የምጠይቀው ራሴ ነኝ" አሉ።

በማግሥቱ ሰው በተሰበሰበበት ሱሌማን ክሩን ኪሱ ውስጥ ትቶ ቱቦውን ቆረጠ። ሐሞቱ ጉበቱ ላይ፣ ጣቶቹ ላይ፣ ክንዱ ላይ ፈሰሰ።

"ኧረ አፈሰሰው!" አሉ ሐጂ ረድዋን። "አይ ሱሌማን! አረጀህ በቃ።"

ሳቁ ከኋላ ተቀጣጠለ። ሁለት ሰዎች ወደ ሌላው አራጅ ሄዱ። ሱሌማን ቀና ሳይል ፈሳሹን በሲሪንጅ እየገፋ፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ እስኪወጣ አጠበ። ዳክ ስለሌለ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። የቀለጠው በረዶ ጀርባውን አበሰበሰው።

በሁለተኛው ቀን ዶክተሩ ጠርተው በማይክሮስኮፕ እንዲያይ አደረጉት። በቱቦው ዙሪያ ጥቃቅን ነገሮች እንደ አዲስ አጥር ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዱም አልወደቀም።

"ሕያው ናቸው" አሉ ዶክተሩ በዝግታ። "ሦስቱም።"

"እንግዲያው ልክ ነበሩ!"

"ልክ ነበርኩ።"

"ይላኩላቸዋ!"

"ሦስት ጉበት ጥናት አይባልም ሱሌማን። ታጠቡ የተባሉት መቶ ሃያዎቹ ነበሩ ጥናቱ።" መብራቱን አጠፉት።

ዩስራ ማንጎው ሥር ነበረች። ሲመጣ እያየች ፍልፈላውን አላቆመችም።

"ሠራ?"

"ሠራ።"

"ሰውየውስ?"

"አይመጣም።"

እጇ ላይ የነበረውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደ ጎን ወረወረች። የዓይኗ ቢጫ ካለፈው ሳምንት ጠቆር ብሏል። "በል ሞልቷል፣ አራግፍልኝ" ብላ ጎኗን አዞረችለት።

ሱሌማን ተንበረከከ። የጎማውን አንገት በግራ እጁ ሁለት ጣት ቆንጥጦ ያዘ፤ ፕላስቲኩን ቀስ ብሎ አላቅቆ ወደ ጓሮ ወሰደው። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።