ታይተስ ስለ ዳክዬዋ ያነበበ ዕለት

ግሌን ከቁርስ ጠረጴዛው ራስ ተነሣ፤ ቆቡን አወለቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ስምንቱም ልጆች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የአራት ዓመቷ አዳ ብቻ የአጃ ገንፎዋን ወደ አፏ ልትሰድ ስትል ታላቅ እህቷ ቲርዛ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«ታይተስ፣» አለ ግሌን፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ፣ «ቢጫውን መጽሐፍ ጨርሷል። ዛሬ ከእራት በኋላ እንግዳ ባለበት ያነበዋል።»

ከዚያም ቁጭ አለና እንቁላሉን መብላቱን ቀጠለ።

ቢጫው መጽሐፍ ስለ አንዲት ዳክዬ ነው። ዳክዬዋ ትጠፋለች፤ ቆይታ ትገኛለች፤ ሌላ ጉዳይ የለውም። በዚህ ቤት ግን አንድ ልጅ ማንበብ ቻለ የሚባለው እሱን መጽሐፍ በቤተሰቡ ፊት ጮክ ብሎ ሲወጣው ነው። የሚያነበው ልጅ ያስተማረው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ሲጨርስ አባት ተነሥቶ አስተማሪዋን ያመሰግናል፤ ከዚያ ልጁ የመረጠው ፓይ፣ ፍራፍሬ የተሞላ ጣፋጭ፣ ይቆረሳል። አስተማሪዋ እናትየዋ ማርላ ናት። ይህን የሚጠራጠር ሰው በዚያ በሚዙሪ ገጠር አልነበረም።

የቤታቸው ትምህርት ቤት ስም አለው፤ የዝግባ ኮረብታ አካዳሚ ይባላል፤ ቲሸርትም አሠርተውለታል። ርዕሰ መምህሩ ግሌን ነው፤ የጣራ ሥራው ጊዜ ስለማይሰጠው አካዳሚው ከተከፈተ ወዲህ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ዳቦ መጋገር ኬሚስትሪ ተብሎ ይያዛል። የልብስ ማድረቂያው የተበላሸ ሰሞን ደግሞ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ፊዚክስ ተምረዋል፤ ማድረቂያው ግን እስከ ዛሬ አይሠራም።

በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ፣ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ የአካባቢው እናቶች በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ፤ ማርላ ንግግር ታደርጋለች። ልጅን አትግፉት፣ ሲደርስ ራሱ ያነባል ትላቸዋለች። እናቶቹ ይጽፋሉ። ቲርዛ ከኋላ ተቀምጣ የሚጽፉትን እናቶች ሕፃናት ትይዛለች።

ቲርዛ የበኩር ልጅ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ባለፈው ሳምንት ለቅዳሜ መኪናውን ስጡኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከተማ ያለው የነርሶች ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና የሚሰጥበት ቀን ነው። ማርላ ታይተስ እስኪያነብ ታገሺ አለቻት። እነሆ ታይተስ አነበበ። ቁርሱ ሲነሣ እናትና ልጅ ሳህን ማጠቢያው ጋ ጎን ለጎን ቆሙ።

«እማ፣ የቅዳሜው ነገርስ?»

«የቱ ቅዳሜ?» አለች ማርላ፣ የቱ እንደሆነ አሳምራ እያወቀች።

«ፈተናው ነዋ።»

«አልጀብራሽ ገና ነው፣ ልጄ። ወድቀሽ አንገትሽን ደፍተሽ ስትመጪ ማየት አልፈልግም። ደግሞ አዳን ማስጀመር አለብን። ፈተናው እንደሆነ ከገና በፊት እንደገና ይሰጣል።»

«እሺ፣ እማ።»

ቆሻሻ ሊያወጣ የመጣው ሁለተኛው ልጅ ሳይለስ በመሀላቸው ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን ሳበ። «ፕሮፌሰሯ ጡረታ ሳትወጣ የት አባቷ ትሄዳለች» አለ፣ በአገጩ ወደ ቲርዛ እያመለከተ። ማንም አልሳቀለትም፤ ከረጢቱን ይዞ ወጣ።

ማርላ አንዱን ብርጭቆ ከሚገባው በላይ ፈተገችው። አልጀብራው ለምን ገና እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ መግቢያው አካባቢ ከቆመ ዓመታት አልፎታል፤ የቆመውም ታናናሾቹ በየተራቸው ፊደል ሲይዙ ነው። ቲርዛ ደብተሯን በገለጠች ቁጥር አንዱ እጅጌዋን ይጎትታል። እሺ ትለዋለች። ይቺ ልጅ እምቢ የሚባለውን ቃል ማን ሳያስተምራት ቀረ?

ነገሩ የተጀመረው በደህና ቀን አልነበረም። ማርላ ስድስተኛውን ፀንሳ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ ከለከላት። አራተኛው ልጅ ፊደል የሚጀምርበት ጊዜ ነበር። ያኔ ዐሥር ዓመቷ የነበረችውን ቲርዛን ጠርታ፣ እስክነሣ ድረስ ብቻ ፊደሉን አሳዪው አለቻት። በስንት ጊዜዋ ከአልጋ ስትወርድ ልጁ ያነባል። ማርላ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ አለቀሰች፤ እንዴት እንዳነበበ ግን አልጠየቀችም። በጸደዩ ስብሰባ ላይም ቆማ፣ ልጄ ራሱን አስተማረ አለች፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ። እየተናገረች ቲርዛን በዓይኗ ፈልጋት ነበር። ልጅቷ ከኋላ የሰው ሕፃን እያስገሳች ነበር፤ ቀና አላለችም። ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? ዛሬ በብርጭቆው ውስጥ እያየች የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። አምስተኛዋም ስድስተኛውም ሲያነብቡ አልተናገረችም። «እስክነሣ ድረስ» የተባለው ጊዜ ከዚያ ወዲህ አላለቀም።

ማታ ኬልሲ መጣች። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የገባች ወጣት እናት ናት፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጇን ይዛለች፤ ትምህርት ቤት ልስደዳት ወይስ ቤት ላስተምራት በሚል ወዲያና ወዲህ ትላለች። እንግዳዋ እሷ ነበረች። በዶሮና በሩዝ የተጋገረው እራት ሲቀርብ ማንበብ በምን እንደሚጀመር ጠየቀች። ማርላ ሁልጊዜ የምትለውን አለች፤ ትዕግሥት፣ ጭን፣ ጥሩ መጽሐፍ። ግሌን ደግሞ ሚስቴ ድንጋይም ብትሰጧት ታስነብበዋለች አለ። ልጆቹ ለእንግዳ የሚሳቀውን ሣቅ ሳቁ።

ኬልሲ ወደ ቲርዛ ዞር ብላ፣ «አንቺስ ወዴት ልትሄጂ አስበሻል?» አለቻት።

ቲርዛ አፏን ሳትከፍት ግሌን መለሰላት። «ቲርዛ ከቤት መውጣት አትወድም። የቤት ልጅ ናት።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቲርዛ ዳቦውን ወደ እንግዳዋ ገፋ አደረገችላት።

ሳህኑ ተነሣ፤ የኮክ ፓዩ መጣ። ታይተስ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ማርላ ጭን ላይ ወጣ። ከብዷል። ጭኔ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል መሰለኝ አለች በልቧ፤ ልጁም እግሩን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ሁለቱም ትንሽ ከተቁነጠነጡ በኋላ ዳክዬዋ ጠፋች።

ታይተስ ጥሩ አነበበ። ዳክዬዋ ኩሬው ጋ የለችም፤ አጥሩ ጋ የለችም። ከዚያ የኬልሲ ልጅ ምላሷን አወጣችበትና ሐሳቡ ተበተነ፤ «ጎተራ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

ማርላ የምታውቀውን አደረገች። ድሮ ሳይለስን እንዳስነበበችው፣ ጣቷን ዘርግታ የቃሉን ግማሽ ሸፈነችለት። ታይተስ ጣቷን በቀስታ ከገጹ ላይ አነሣው።

«ቆይ፣ እማ» አለ።

ግራ እጁን ከፍ አደረገ። አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ነካ፤ ከንፈሩ አንድ ድምፅ አወጣ። የመሀል ጣቱን ነካ፤ ሌላ ድምፅ። ቀጥሎ የቀለበት ጣቱን።

ማርላ ይህን አይታ አታውቅም። ለእንግዳዋ ፈገግ ልትል ቀና አለች። የአራተኛው ልጇ፣ የዐሥራ አራት ዓመቱ፣ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ ከጣት ወደ ጣት ይሄዳል። አምስተኛዋም እንዲሁ፣ ከውኃ ብርጭቆዋ አጠገብ። ስድስተኛውም፤ እሱማ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። የሚያደርጉትን ያወቁ አይመስሉም፤ ወንድማቸው ተቸግሯልና እጃቸው ሊያግዘው ሄደ። ገና ሊጀመርላት የታሰበው አዳ እንኳ ኮክ ባጣበቃቸው ጣቶቿ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ ትላለች። የሳይለስና የሦስተኛዋ እጆች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ማርላ ራሷ ያስተማረቻቸው እነሱን ነው። ቲርዛ ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ከታቸዋለች።

«ጎተራ!» አለ ታይተስ። የሁሉም ጣት ባንዴ ቆመ።

ዳክዬዋ ተገኘች፤ መጽሐፉ አለቀ። ግሌን እንደ ደንቡ አስተማሪዋን ሊያመሰግን ተነሣ። ሚስቱን አየ፤ ልጆቹን በተራ አየ፤ ቲርዛ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ስንት ጊዜ ያለውን ንግግር አጣውና ተመልሶ ተቀመጠ።

ኬልሲ ብቻ ምንም አልገባትም። አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ እየሞከረች፣ «ማርላ፣ ይኼስ ደስ ሲል» አለች። «እንዴት ነው የሚያደርጉት? የመጀመሪያው ድምፅ በየትኛው ጣት ይጀምራል?»

ማርላ በየስብሰባው የምትላቸውን ነገሮች አንድ ባንድ አሰበቻቸው። አንዱም ለዚህ አይሆንም።

«አላውቅም» አለች። «ቲርዛን ጠይቂያት። ያስተማረቻቸው እሷ ናት።»

ኬልሲ ወንበሯን አዞረች። «አንቺ ነሽ እንዴ? በይ ቅዳሜ እኔ ቤት ብቅ በይና አሳዪኝ፤ ምሳ አበላሻለሁ።»

ቲርዛ እናቷን አየች፤ ጠበቀቻት። ስለ አልጀብራ የሚናገር ካለ ጊዜው አሁን ነበር። ማርላ የተዘጋውን ቢጫ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ላይ ያለችውን ዳክዬ ታያለች።

«ቅዳሜ አልችልም» አለች ቲርዛ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ። «ፈተና አለኝ።»