የሃክቾል እጅ

ወጣቱ ስጋ ቆራጭ ፒልጉ አዛውንቱን ጋሼ ሃክቾልን አንገቱን አንቆ፣ ደም ባቆረው የስጋ ገበያ ወለል ላይ እየጎተተ ከመክተፊያው ግንድ ጋር አላተመው። የሽማግሌው አፍንጫ ፈነዳ። ከብበው የቆሙት ስጋ ቆራጮች «በለው!» አሉ፤ ገላጋይ የሚሆን አንድ ሰው ጠፋ።

ያለ ምክንያት አልተናደዱም። ሴኡል ውስጥ ከዚህ ገበያ በቀር የትም ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ግን ሁሉም ይሰናበታሉ። አዲስ የተተከለው ማሽን ከብቱን ልክ እንደ ሃክቾል ይበልታል። እንዴት አይበልት? ሃክቾል ክረምቱን ሙሉ ሽቦ የተሰፋበት ጓንት አጥልቆ የእጁን ጥበብ ለማሽኑ ሲያስቀዳ ከርሟል፤ ያውም ለማንም ሳይተነፍስ።

«ከሃዲ ሽማግሌ! ምን አጉርሰውህ ነው?»

«እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ አንተ ልጅ። ሙያዬን ከእኔ ጋር አፈር እንዳይበላው ብዬ ነው።»

«እኔስ? እኔ አልነበርኩልህም?»

ፒልጉን ከሥራው በላይ ያንገበገበው ይሄ ነበር። ቢላ አያያዝ ያስተማረው ሃክቾል ነው። ሽማግሌው ግንዱን በቢላው ሁለቴ ኳ ኳ ሲያደርግ ፒልጉ የከብቱን እግር ጨምድዶ ይይዛል፣ ቢላው ይገባል፤ ለዓመታት ቃል ሳይለዋወጡ እንዲህ ሠርተዋል። ገበያው ሲዘጋም ከአንድ ሳህን ጥሬ ጉበት እየበሉ ሶጁ የሚባለውን አረቄ ይቀዳዱ ነበር።

አሁን ግን የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ግንዱ ላይ አጋደመና መጥረቢያ አንስቶ በጀርባው አሳረፈበት። አጥንቱ ሲንኮታኮት ለሁሉም ተሰማ። ሃክቾል እንደ ኮርማ አጓራ።

«ቀጥሎ ያንተ ተራ ነው!» ብሎ ፒልጉ ወደ ማሽኑ ተንደረደረ። ማሽኑ ለሙከራ እየሠራ ነው፤ የበሬ ጭን ከፊቱ ጣውላ ላይ ተጋድሟል። ፒልጉ ቢላ የጨበጠውን የብረት ክንድ ሊከሰክስ መጥረቢያውን ከፍ አደረገ።

የማሽኑ ክንድ ልክ እንደ ሃክቾል ጣውላውን በቢላው ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ።

የፒልጉ ግራ እጅ ባለቤቱን አላማከረም። ተወርውሮ የበሬውን እግር ጨምድዶ ያዘ። ቢላው እዚያው ገባ፤ አራት ጣቶቹ ጣውላው ላይ ቀሩ።

ጩኸቱን ሰምቶ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ሃክቾል ነው። ቀኝ እጁ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ በግራውና በጥርሱ ሽርጡን ቀድዶ የፒልጉን ክንድ አሰረለት። ደም ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ ያለቅስ ነበር።

«እኔ እኮ እስክትይዝልኝ እጠብቅህ ነበር» አለው። «ጣትህ መራቁን አይቼ ነው ቢላዬን የማስገባው። ጓንቱ ግን ዓይን አልነበረውም፣ ልጄ።»