የአውቶቡሱ አንቀጽ

ቢሆነኝ እስራኤል ውስጥ ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ለሠራተኛው ሲከራከር አንደበቱ አይያዝም፤ አለቃ ፊትም አይሽቆጠቆጥም። አንድ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ያሳቅቀው ነበር፤ ዕብራይስጥ ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም። የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ምክትሉ ቤኒ ግቢ በቆመው መኪናው ውስጥ አብሮት ተቀምጦ ያነብለታል። ቢሆነኝ ደግሞ አንዴ የሰማውን አይረሳም። ይህን ከቤኒ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምን ነበር።

ዘንድሮ ቤኒ ጡረታ ወጣ። በሳምንቱ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ናአማ ቢሆነኝን አስጠርታ፣ የሚታደሰውን የሥራ ስምምነት ፊቱ አኖረችው።

«ያው የድሮው ነው። አንብበህ ፈርምበት፣ ቤሰደር፣ እሺ?»

ቢሆነኝ ብዕሩን አነሳ። «መነጽሬን ረስቻለሁ» ሊል ቃጣውና፣ አምነው የመረጡት ሰዎች ትዝ ሲሉት ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

«ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።»

ናአማ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ጀመር። የበዓል ዕረፍቱን ጨርሳ ወደ ሕመም ፈቃድ ስትሻገር እጁን አነሳ።

«ቆይ! ከበዓል ዕረፍቱ ቀጥሎ የአውቶቡሱ አንቀጽ ነበር። ከገደራና ከያቭነ የሚመጡትን ፋብሪካው ያመላልሳል ይላል። የት ሄደ?»

ናአማ የድሮውን ስምምነት ከመሳቢያ አውጥታ ጎን ለጎን አስተያየችው። ፊቷ ቀላ።

«እውነትህን ነው፤ ተዘሏል። አሁኑኑ አስገባዋለሁ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንቀጹ ገብቶ መጣ። ቢሆነኝ እንደገና አስነበበና ፈረመ።

ለምሳ ዕረፍት ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹ ከበቡት። አውቶቡሱ እንደማይቀር ነገራቸው። ቀጥሎ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና፣

«ሌላም የምነግራችሁ አለ» አለ። «እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም። ይህን ሁሉ ዓመት ደብቄያችሁ ኖሬአለሁ። ሌላ ሰው ብትመርጡ አልቀየምም።»

ከያቭነ የምትመጣው ሸጌ ሳቋ አመለጣት።

«ምነው ጋሽ ቢሆነኝ! እኛ እኮ ድሮ ነው ያወቅነው። ቤኒ ሲያነብልዎ ድምፁ እስከ ፋብሪካው በር ይሰማል፤ መስኮቱንም ዘግቶ አያውቅም።»

ሁሉም ሳቁ። ቢሆነኝም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ትከሻው ቀለለው። ምሳውን ጠግቦ በላና ቤኒ ጋ ደወለ።

«አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱን ለምን አትዘጋም ነበር?»

«እንዴት ልዝጋ!» አለ ቤኒ። «የዚያ መኪና ማቀዝቀዣ መቼ ሠርቶ ያውቃል?»